ወጣት ዕጩዎችና የገጠሩ መራጭ፤ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ

በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት መሠረት ዕድሜው 18 ዓመት የሞላ ዜጋ የመምረጥ መብት አለው። የምርጫ ሕጉ ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ሌሎች መስፈርቶችን አሟልቶ በዕጩነት እንዲቀርብ ይፈቅዳል። ይሁንና ሕጉ መፍቀዱ ብቻውን ወጣቱን ለምክር ቤት አያበቃውም።

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ደግሞ ሱሉልታ አዲስ አበባን ያዋስናሉ። ቀደም ሲል በፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ሥር የነበሩት እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም ወደ ሸገር ከተማ አስተዳደር ተጠቃለዋል። በአካባቢው የሚወዳደር ወጣት ሁለት ዓይነት መራጭ ይገጥመዋል። አንደኛው መሬቱ ለከተማ መስፋፋት የተወሰደበት ወይም ይወሰድብኛል ብሎ የሚሰጋ አርሶ አደር ሲሆን፣ ሁለተኛው የቤት ኪራይ ንሮበት ከአዲስ አበባ የወጣ ወይም ሥራ ፍለጋ የመጣ ነዋሪ ነው። የመጀመሪያው ስለ ካሳ፣ ሁለተኛው ስለ ውሃና ትራንስፖርት ይጠይቃል።

ጥያቄዎቹ ሰሚ ሲያጡ የሚያስከትሉት ጉዳት ታይቷል። አዲስ አበባንና ዙሪያዋን ያካተተው የጋራ ማስተር ፕላን በ2006 ዓ.ም ተቃውሞ አስነስቶ፣ በ2008 ዓ.ም የብዙዎች ሕይወት ካለፈ በኋላ እንዲቀር ተደርጓል። ከተቃዋሚዎቹ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ።

የሌሎች አገሮች ተሞክሮም ትምህርት ይሰጣል። በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ጥቁር አሜሪካዊው ባካሪ ሴለርስ እ.ኤ.አ. በ2006 በ22 ዓመቱ የግዛቲቱ ምክር ቤት አባል ሆኗል። ባደገበት የገጠር አካባቢ ቤት ለቤት እየዞረ በመቀስቀስ ለ26 ዓመታት በወንበሩ የቆዩትን አንጋፋ ተመራጭ አሸንፏል። እ.ኤ.አ. በ2014 ለምክትል አገረ ገዥነት ሲወዳደር ግን አልቀናውም። በሚያውቁት ሰዎች ዘንድ ያፈራው አመኔታ በመላው ግዛት ለማሸነፍ አልበቃውም።

ከዚህ አኳያ ወጣቱ ዕጩ ከሁሉ አስቀድሞ የአገር ሽማግሌዎችንና አርሶ አደሮችን በየደጃቸው ማዳመጥ ይኖርበታል። የአስተዳደር አካላትና የመንግሥት ሠራተኞችም የመሰብሰቢያ አዳራሽ ሲሰጡም ሆነ ማስረጃ ሲጽፉ የፓርቲ ልዩነት ሳያደርጉ ሁሉንም ዕጩዎች በእኩል ዓይን ማስተናገድ ይጠበቅባቸዋል። በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የተመለሰ ወጣት ጥያቄውን ይዞ ወደ አደባባይ ሊወጣ እንደሚችል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል።