በዓይናችን ዳር የሚመጣው ስክሪን፦ አዛዡ ማን ይሆን?

ትልልቆቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ስክሪንን ከእጃችን ወደ ፊታችን ለማዛወር እየተሽቀዳደሙ ነው። ሜታ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2025 ሬይ-ባን ዲስፕሌይ የተባለ መነጽር በ799 ዶላር አሜሪካ ውስጥ ለገበያ አቅርቧል። በቀኝ ሌንሱ ላይ መልእክትና ካርታ የምታሳይ ትንሽዬ ስክሪን አለችው።

ትንሽዬ ስንል የምር ነው። ስክሪኗ የምትሸፍነው 20 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ሰው በሁለት ዓይኑ ከግራ እስከ ቀኝ የሚያየው ግን ወደ 200 ዲግሪ ይጠጋል። የማይክሮሶፍት ሆሎሌንስ 2 እንኳን ከጥግ እስከ ጥግ 52 ዲግሪ ነበር። ሜታ በ2024 ለእይታ ያቀረበው ኦራየን 70 ዲግሪ ገደማ ደርሷል፤ ግን ሌንሱ የተሰራበት ሲሊከን ካርባይድ ውድ ስለሆነ ለሽያጭ አልቀረበም። እይታውን ማስፋት ማለት ዋጋ፣ ክብደትና የባትሪ ፍጆታ መጨመር ማለት ነው።

ታዲያ ቀሪው የእይታችን ክፍል ባዶ ይቅር?

በ2016 የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች ቀላል ዘዴ ሞከሩ። በዋናው ስክሪን ዙሪያ፣ በመሳሪያው ጠርዝ ላይ፣ ጥቃቅን የኤልኢዲ መብራቶች ደረደሩ። ጥርት ያለ ምስል የለም፤ የደበዘዘ ቀለምና እንቅስቃሴ ብቻ።

ይሄ እንዴት ይበቃል? አንድ ነገር እንሞክር። ዓይናችሁን ከዚህ ቃል ሳትነቅሉ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ያለውን ለማንበብ ሞክሩ። አልሆነም አይደል? አጥርቶ የሚያየው የዓይናችን መሃል 2 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ የአውራ ጣት ጥፍራችሁን ብታዩ ያን ያህል ነው። ከዚያ እየራቀ ሲሄድ ዓይን ፊደል መለየት ያቅተዋል፤ እንቅስቃሴን ግን ቶሎ ይይዛል። አሁን በጎናችሁ ሰው ቢያልፍ ዞር ሳትሉ ታውቃላችሁ።

አስፋልት ስንሻገር ከጎን የሚመጣውን መኪና ቀድሞ የሚነግረን ይሄው የዓይን ዳር ነው። ስለዚህ በደንብ ከተሰራበት ብዙ ይጠቅማል። መንገድ የሚፈልግ ሰው ካርታ ላይ ሳያፈጥ በቀኝ በኩል ብልጭ ሲል ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መስማት ለተሳነው ሰው ደግሞ የመኪና ጥሩምባ ከየት በኩል እንደመጣ ብርሃን ሊጠቁመው ይችላል።

አሳሳቢው ነገርም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ስልክ ኪስ ውስጥ ይገባል። ኖቲፊኬሽን ይዘጋል። በዓይን ዳር የሚንቀሳቀስን ነገር ግን "አላይህም" ማለት ከባድ ነው፤ አንጎላችን ሳያስፈቅደን ያዞረናል። ከአደጋ የሚጠብቀን ይህ ደመነፍስ በላይክና በማስታወቂያ ብልጭታ ከተያዘ፣ የምር መኪና ሲመጣ ማን ይነግረናል?

እስካሁን እዚያ ቦታ ማስታወቂያ ገብቷል እያልን አይደለም። ግን የሜታ ገቢ በአብዛኛው ከማስታወቂያ ነው፤ ትኩረታችን ደግሞ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ስልክ ሲጀምርም ኖቲፊኬሽን ለጥሪና ለመልእክት ነበር፤ ዛሬ አፑ ሁሉ ይጠራናል።

በእኛ እይታ ደንቡ ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። የዓይን ዳር በዙሪያችን ላለው ነገር፣ ማለትም ለአደጋና ለአቅጣጫ ብቻ ይዋል። ሌላው አፕ ሁሉ እኛ ካልፈቀድን በስተቀር ዝግ ሆኖ ይምጣ። በአንድ ቁልፍም ጥርቅም ይበል። መነጽሩ ዋጋው ረክሶ እኛ ዘንድ ሲደርስ፣ ስለ ካሜራው ጥራት ከመጠየቃችን በፊት ይሄን እንጠይቅ።

እናንተስ? የዓይናችሁን ዳር ለየትኛው አፕ ትፈቅዳላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።