በቃል ያለው እንዳይረሳ

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጣፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። እኛ ዕጩ መምህራን ይህን አባባል በየክፍሉ እንደጋግመዋለን። ይሁን እንጂ በቃሉ ሞልቶ ሳለ በመጣፍ ማስፈር ላቃተው ልጅ ምን እናድርግለት? የዛሬው ጽሑፋችን መነሻ ይኸው ጥያቄ ነው።

ለማስተማር ልምምድ በወጣንበት ጊዜ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ የ5ኛ ክፍል ተማሪዎችን «በአካባቢያችሁ የምታውቁትን አንድ እንስሳ ግለጹ» አልናቸው። አንድ ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የጻፈው ስሙንና ሁለት የተሰባበሩ መሥመሮችን ብቻ ነበር። ከ10 አንድ ሰጠነው። በእረፍት ሰዓት ግን ይኸው ልጅ ጭላዳ ከገደል ወጥቶ ገብስ ማሳ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ፣ እረኛው ወንጭፍ ሲያነሳ መንጋው እንዴት ተያይዞ ወደ ገደሉ እንደሚመለስ ለጓደኞቹ ሲተርክ ሰማነው። ቅደም ተከተሉ የተስተካከለ፣ ቃሉ የተመረጠ ነበር። እንግዲህ ያቺ አንድ ነጥብ የማን ናት? የልጁ ወይስ የኛ? ግለ ሂስ እናድርግ ከተባለ፣ የለካነው እጁን እንጂ አሳቡን አልነበረም።

አንዱ ተናግሮ ሌላው መጻፉ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በልቡ ቆጥሮ ለመምህሩ በቃሉ ያሰማል፤ ወረቀት አልያዝክም ተብሎ አይመለስም። በፍርድ ቤት ደጃፍም ባላገሩ በደሉን ይናገራል፣ ራፖር ጸሐፊው ያሰፍራል። አቤቱታው ግን የባላገሩ ነው፤ «ራስህ አልጻፍከውምና አልተበደልክም» ያለው ዳኛ የለም።

ዛሬ ያ ጸሐፊ በብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ ይገኛል። ጉግል ከነሐሴ 2009 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ከሚጻፉ ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። በስልኩ የፊደል ገበታ ላይ ያለችውን የማይክሮፎን ምልክት ነክቶ መናገር ነው፤ ቃሉ ፊደል ሆኖ ይወጣል። በተቃራኒው ደግሞ የተጻፈውን አማርኛ በድምፅ የሚያነቡ መተግበሪያዎች አሉ። ልጁ የጻፈውን በጆሮው ሲሰማ የዘለለውን ቃል ራሱ ይይዘዋል። መምህሩ በቀይ እስክሪብቶ ከሚያሰምርለት ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስተምረዋል ብለን እናምናለን።

አሳብና እጅ አንድ አለመሆናቸውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወ/ሮ የትነበርሽ ንጉሤ የተወለዱት እዚሁ ጎረቤታችን አማራ ሳይንት ነው። በአምስት ዓመታቸው የዐይን ብርሃናቸውን አጡ። በሻሸመኔ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ አጥንተው፣ ለአካል ጉዳተኞች መብት በመቆማቸው በ2010 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። ሌላው ልጅ በሚሄድበት መንገድ ብቻ ሂጂ ተብለው ቢሆን ኖሮ የት ይደርሱ ነበር? አገራችንም የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት ያጸደቀችው በ2002 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የምንናገረው ስለ ችሮታ ሳይሆን ስለ መብት ነው።

ይህን ስንል መሣሪያው እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። የልደት በዓል የሆነው «ገና» እና «ገና አልመጣም» የምንለው «ገና»፣ እንዲሁም የውሃው «ዋና» እና የነገሩ «ዋና» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ አንባቢው ማሽን ሊያሳስታቸው ይችላል። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ» በድምፅ ስለማይለዩ፣ ጸሐፊው ማሽንም የመሰለውን ይጽፋል። እንዲያውም ይህ ለትምህርት ይጠቅመናል። ተማሪው የማሽኑን ስሕተት አራሚ ሲሆን «እኔ አልችልም» የሚለው ስሜት ይለቀዋል።

ትልቁ ችግር ሌላ ነው። የድምፅ ጽሕፈቱ በአብዛኛው ኔትወርክ ይፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ምን እንደሆንን እናውቃለን። በዚያ ላይ ዘመናዊ ስልክ ያለው ሁሉም አይደለም። ታዲያ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ? ኧረ የለም! በተራ ስልኮች ላይ ሳይቀር ድምፅ መቅረጫ ይገኛል፤ ኔትወርክም አይጠይቅም። ልጁ ታሪኩን ይቅረጽ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ያዳምጥ፤ ያቁም፤ ይጻፍ፤ ደግሞ ያዳምጥ። አሳብ ማፍለቁና ፊደል መልቀሙ በአንድ ጊዜ ስለማይጫኑት ሸክሙ ይቀልለታል። ስልክ ከናካቴው ከጠፋ ደግሞ ጎበዝ የሚጽፍ ጓደኛው አጠገቡ አለ።

«ልጆቹን ሰነፍ ታደርጓቸዋላችሁ፤ ፈተናው እንደሆነ በብዕር ነው» የሚሉን መምህራን አሉ። ስጋታቸው ተገቢ ነው። እኛም ብዕሩ ይጣል አላልንም። በድምፅ የወጣው ጽሑፍ ረቂቅ ነው፤ ልጁ አርሞ በገዛ እጁ ወደ ደብተሩ ይገልብጠው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉን ይናገር፤ በሚቀጥለው የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር በእጁ ጽፎ የቀረውን ይናገር፤ እንዲህ እንዲህ እያለ የሚናገረው ይቀንስ፣ የሚጽፈው ይጨምር። ምርኩዝ የሚሰጠው እስኪራመድ ነው። እስከ መጨረሻው ምርኩዙን የሚፈልግ ልጅ ቢኖር ደግሞ ማን ይነጥቀዋል? አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፤ የልጅን ድምፅ ያለ ወላጅ ፈቃድ አንቅረጽ፣ ስሙንም አብረን አናስገባ።

ከመምህሮቻችን የምንጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በምናዘጋጀው የጽሑፍ ትምህርት ዕቅድ ላይ ነጥቡ በሁለት ይከፈል፤ አንዱ ለአሳብ፣ ሌላው ለፊደልና ለእጅ ጽሕፈት ይሁን። ሁለተኛ፣ ለሚቀጥለው ልምምድ ከመውጣታችን በፊት የመቅረጹን ዘዴ እርስ በርሳችን እንድንሞክረው አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈቀድልን። ከእኛም መካከል ሰሌዳ ላይ መጻፍ የሚያስፈራው አለና፣ ትምህርቱ ለራሳችንም ነው።

የጭላዳውን ታሪክ የተረከው ልጅ አሁንም እዚያው ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። ትረካው በቃል ብቻ ቀርቶ ቢረሳ ተጠያቂው እሱ አይደለም።