«እየሠራ አይደል እንዴ?»

ባለፈው ሐምሌ አንድ ምሽት ከሜክሲኮ ወደ ጀሞ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጬ ነበር። ሳር ቤትን እንዳለፍን ዝናቡ ወረደብን። ሹፌሩ ዝናብ መጥረጊያውን አስነሳው። ክንዱ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ሲጢጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ያሰማል፣ ውሃውን ግን ከመጥረግ ይልቅ እንደ ቅባት መስታወቱ ላይ ይለቀልቀዋል። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራት ሲያርፍበት ፓራብሬዛው ነጭ በነጭ ይሆናል። ሹፌሩ ግራ እጁን በመስኮት አውጥቶ በጨርቅ እየጠረገ በቀኙ መሪ ይይዛል።

«ወንድሜ፣ ይታይሃል?» አልኩት።

«ለምጄዋለሁ» አለኝ።

መቶ ሜትር ሳንሄድ ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው ከፊታችን ብቅ አለ። እኔ ጮህኩ፣ እሱ ፍሬን ያዘ፣ ሰውየው ለጥቂት ተረፈ። ጀሞ ደርሰን ተሳፋሪው ሁሉ ከወረደ በኋላ ላስቲኩን ለምን እንደማይቀይረው ጠየቅኩት። «ለባለቤቱ ሦስት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ‹እየሠራ አይደል እንዴ?› ነው መልሱ» አለኝ።

ነገሩ የአንድ ባለንብረት ንፍገት ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ባልጻፍኩት። የራሴን አሮጌ መኪና ለቦሎ ምርመራ የወሰድኳት በጥር ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። መርማሪው «ዝናብ መጥረጊያ አስነሳ» አለኝ። አስነሳሁ። በደረቅ መስታወት ላይ እየተንቋቋ ሄዶ ተመለሰ። አለፍኩ። ሞተሩ እንደሚዞር ተረጋገጠ፤ ላስቲኩ ይጠርግ አይጠርግ ግን የጠየቀ የለም። በዚያ ቀን የመርማሪውም ጥያቄ፣ የባለንብረቱም ጥያቄ አንድ ነበር፤ ይንቀሳቀሳል ወይ?

የላስቲኩ ጫፍ እንደ ከንፈር ቀጭን ነው። ክንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ወደ ግራ ያጋድላል፣ ክንዱ ሲመለስ ደግሞ ይገለበጣል። ውሃውን አጥርቶ የሚያነሳው እንዲህ እየተጎተተ ሲሄድ ነው። ሲደርቅ መገለበጡን ይተውና ይዘላል፤ ያ ሲጢጥታ ከዚያ የሚመጣ ነው። የአዲስ አበባ መኪና ከጥቅምት እስከ የካቲት መጥረጊያ እምብዛም አያስፈልገውም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ፀሐይ ግን ላስቲኩን በየቀኑ ታገኘዋለች። በዚህ ላይ ጠዋት ጠዋት አቧራውን በደረቁ በመጥረጊያ የምናነሳ አለን (እኔም አደርገው ነበር)። ላስቲኩንም መስታወቱንም መፋቅ ነው። በአብዛኛው ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየር ይባላል። እኛ ትዝ የሚለን ብረቱ መስታወቱን መቧጨር ሲጀምር ነው።

ብልሃት አላጣንም። መስታወቱን በተቆረጠ ድንች የሚያሽ አይቻለሁ፣ በሲጋራ ትምባሆ የሚያሽም አይቻለሁ። ለጥቂት ጊዜ ያግዛል፤ የሞተ ላስቲክ ግን አያስነሳም። በናፍታ ወይም በቤንዚን መወልወል ደግሞ ጭራሽ ላስቲኩን ያበላሸዋል። እርጥብ ጨርቅ በቂ ነው። አዲስ ከመግዛታችሁ በፊትም መስታወቱን በሳሙና ደህና አድርጋችሁ እጠቡት፤ አንዳንዴ ጥፋቱ የላስቲኩ ሳይሆን መስታወቱ ላይ የተጋገረው የጭስ ቅባት ነው። ስትቀይሩ የሹፌሩና የጋቢናው መጥረጊያ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል ለየብቻ ለኩ። አሮጌው ሲወልቅ ደግሞ ከክንዱ ሥር ፎጣ አንጥፉ። ባዶው ክንድ በስፕሪንግ ኃይል ከተመለሰ ፓራብሬዛውን ሊሰነጥቀው ይችላል፤ የፓራብሬዛ ዋጋ ደግሞ የመጥረጊያ ዋጋ አይደለም።

መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪኖች ሌላ ጣጣ አለባቸው። መጥረጊያው አብሮ ካልተዛወረ አጥርቶ የሚጠርገው በቀኝ ወንበር የሚቀመጠውን ሰው መስታወት ነው። ከሹፌሩ በስተግራ ያለው ጥግ፣ እግረኛ ከአስፋልቱ መሀል የሚመጣበት ጥግ፣ ውሃ እንዳዘለ ይቀራል። እዚያ ላይ አዲስ ላስቲክም ብዙ አይረዳም።

«ፍጥነት እያለ፣ ፍሬን የሌለው መኪና እያለ የላስቲክ ወሬ ምንድን ነው?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ነገር ግን ፍሬን የሚያዘው ዓይን ካየ በኋላ ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። በኮሪደር ልማቱ የተተከሉት መብራቶች መንገዱን አድምቀውታል፣ እሰየው። በተለቀለቀ መስታወት ውስጥ ሲታዩ ግን እያንዳንዳቸው የሚያሳውር ጸዳል ይሆናሉ።

ዋጋው እንደ ድሮው እንዳልሆነ አልክድም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ሲወሰን ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ ሁሉ ተወዷል። በዚያው በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለተወሰነ፣ ያሉት አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ክረምት ያገለግላሉ። ሌሊት መጥረጊያው ተነቅሎ ያደረበት ሰውም «ነገ ለሚሰረቅ ምን አስገዛኝ» ቢል አይፈረድበትም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ሆኖም በታክሲ ላይ ዋናው ችግር የዋጋው አይመስለኝም። ሞተር ሲበላሽ መኪናው ይቆማል፣ ገቢ ይቀራል፣ ስለዚህ ባለንብረቱ በማግስቱ ያሠራዋል። መጥረጊያ ሲሞት ግን መኪናው አይቆምም። ገቢው ይገባል። የማያየው ሹፌሩ ነው፣ የሚገጨው እግረኛው ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛው ለመርማሪዎች፦ «አስነሳ» ከማለታችሁ በፊት አንድ ሃይላንድ ውሃ መስታወቱ ላይ አፍስሱ። ጥርም ይሁን ሐምሌ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን መስታወቱ ራሱ ይናገራል። ሁለተኛው ለባለንብረቶች፦ የግንቦት የመጨረሻ ሳምንት ላስቲክ በእናንተ ወጪ ይቀየር፤ ከሹፌሩ ጋር ስትዋዋሉም ይጻፍ። ትራፊክ ፖሊስም ሰኔ ላይ ቀበቶ ሲያይ መጥረጊያውንም ቀና አድርጎ በጣቱ ቢዳስሰው የሚፈጀው ጊዜ ያው ነው።

ያንን ሚኒባስ ባለፈው ሳምንት ሜክሲኮ ተራ ይዞ ሲጠብቅ አገኘሁት። በሹፌሩ በኩል አዲስ መጥረጊያ ገብቷል፤ በጋቢናው በኩል ያው አሮጌው ነው። «ባለቤቱ ገዛልህ?» ስለው ሳቀና በእጁ የሸሚዙን ኪስ መታ መታ አደረገ።