ላሊበላ ስንል ማንን እንጠራለን?

ባለፈው የገና ሰሞን ገና ሳይነጋ ባልና ሚስት መጥተው በገዳሙ ደጅ ዜማቸውን ጀመሩ። ከእኛ ከተማሪዎቹ አንዱ ወጥቶ «ሂዱ፥ እናንተ ላሊበላዎች!» ብሎ አባረራቸው። ይኸው ወንድም በማግሥቱ መጽሐፍ ሲያነብ ከዚሁ ስም ላይ ደርሶ በአክብሮት ራሱን ዝቅ አደረገ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ የዚህ ስም ነገር ዐሳብ ሆኖብኛል።

ስሙ አስቀድሞ የሰው ነው። ገድሉ እንደሚነግረን ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ ንቦች ከበቡት፤ እናቱም ንቦች ንግሥናውን ዐወቁ ስትል ላሊበላ አለችው። አገሩ ግን በፊት ሮሐ ይባል ነበር፤ የንጉሡ ስም በከተማው ላይ ያረፈው ኋላ ነው። ሮሐን ከሊቃውንት አንዳንዶቹ ከኤዴሳ ጋር ያያይዙታል፤ ያችን የአብጋርን ከተማ ዐረቦች ሩሃ ይሏታልና። በዚያው በላስታ ዮርዳኖስ አለ፥ ጎልጎታ አለ፥ ደብረ ዘይትም አለ፤ ስም በአገራችን እግር እንዳለው ይሄዳል።

11ዱ አብያተ ክርስቲያናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 በዓለም ቅርስ መዝገብ ከገቡ ወዲህም ስሙ በሆቴል ደጅ፥ በባሕር ማዶ ምግብ ቤት ሰሌዳ ላይ ሳይቀር ይነበባል። በዚህ የሚቈጡ አሉ፤ እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም፤ ሰሌዳን ዝናብ ያጥበዋል።

የሚያስጨንቀኝ ስሙን ስድብ ማድረጋችን ነው። ላሊበሎች፥ ሀሚናም ይባላሉ፥ ጎሕ ሳይቀድ ከደጅ ቆመው እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ የባለቤቱን ስም አንሥተው ያወድሳሉ፤ ምጽዋት ሲቀበሉም ይመርቃሉ። ማለዳ ካላዜሙ ቁምጥና ይይዛቸዋል የሚለው ወሬ ሰውን አራቃቸው። ቁምጥና ግን በመድኃኒት የሚድን ደዌ ነው፤ ዝምታ አያመጣውም፥ ዜማም አይከለክለውም። ቢይዛቸውስ? ጌታችን ለምጻሙን ዳሰሰው እንጂ አላባረረውም። ደግሞስ እኛ የቆሎ ተማሪ ሳለን አኩፋዳ አንግበን «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን ከደጅ ደጅ አልዞርንምን? የውሻውን ጩኸት ረሳነውን?

ከኩዌት ለገና የመጣች አንዲት እኅት፥ ሹዌኽ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት ስታገለግል ከአገሯ ምን እንደ ናፈቃት ጠየቅኋት። ቤተ ጊዮርጊስን ትለኛለች ብዬ ነበር። «የላሊበላ ዜማ፥ ማለዳ በእናቴ ደጅ» አለችኝ።

ባልና ሚስቱ በሚመጣው ገና ከተመለሱ በሩን የምከፍት እኔ ነኝ፤ ያ ወንድሜም ቁራሽ ይዞ ይከተለኝ።