ለቆሰለ ወታደር ከመርፌ ሌላ

ሰሊጥ የሚታጨደው ጎንበስ ተብሎ ነው። መስከረም ሊያልቅ ሲል በምዕራብ ጎንደር ቆላ፣ በመተማ፣ በሽንፋና በቋራ ማሳዎች፣ ሳሉጎች የሚባሉት የወቅት ሠራተኞች ከንጋት ጀምሮ እንዳጎነበሱ ይውላሉ። ወገቡን ወይም ጭኑን ጥይት ያገኘው የቀድሞ ወታደር ከእነሱ እኩል ይሥራ ቢባል፣ ቁስሉ ከዳነ ዓመታት ቢያልፉም የተጎዳው ነርቭ ያቃጥለዋል፣ ይነዝረዋል፣ ሌሊት እንቅልፍ ይነሳዋል።

በ1983 ዓ.ም. የተበተነው ሠራዊት አባላት ዛሬ አርጅተዋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት የቆሰሉት ግን ገና ወጣቶች ናቸው፤ ሕመሙን ይዘው ብዙ ዓመት ይኖራሉ። ሕመሙ ሲበረታ የሚታወቀው መፍትሔ የዳይክሎፌናክ መርፌ፣ ሲብስም ትራማዶል ነው። ትራማዶል ሱስ ያስይዛል። ዳይክሎፌናክ ሲደጋገም ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ ውኃ የተጠማ ሰውነት ላይ ደግሞ የኩላሊቱ አደጋ ይብሳል። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ቆላ ይህ ተራ ማስጠንቀቂያ አይደለም።

ሌላ አማራጭ አለ፤ ቴንስ ይባላል። የእጅ ስልክ የምታክል፣ በባትሪ የምትሠራ፣ በኤሌክትሪክ የምታነዝር መሣሪያ ናት። ባለሙያው ተለጣፊ ፓዶቿን በሚያመው ቦታ ዙሪያ ያደርጋል፤ ኃይሏንም ሕመምተኛው ሳያመው ንዝረቱ በደንብ እስኪሰማው ድረስ ቀስ እያለ ይጨምራል። ፓዱ ላብ ባለበት ቆዳ ላይ አይዝም፤ ስለዚህ ቆዳው ታጥቦ መድረቅ አለበት። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ የመዳሰስ ስሜት የሚያደርሱ ነርቮች ሲነቃቁ አከርካሪ ውስጥ የሕመሙን መልእክት ያግዳሉ። ሰው የተመታ ጉልበቱን ሲያሽ የሚቀለውም ለዚሁ ነው።

በንዝረት ማከም ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያዊው ካህን የአባ ጎርጎርዮስ ወዳጅ የነበረው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1681 ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፉ፣ ሐበሾች የሚመላለስ ንዳድን በሚያነዝር ዓሣ ያክሙ እንደነበር ጽፏል።

ቴንስ ፈውስ ነው ማለት ግን ውሸት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ 381 ጥናቶችን የመረመረ ትንተና መሣሪያው በሚሠራበት ጊዜና ወዲያው በኋላ ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ግልጽ መነሻ ለሌለው ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም አልመከረውም። የጥይትና የፍንጣሪ ጉዳት መነሻው የታወቀ ስለሆነ ጉዳዩ ይለያል፤ ቢሆንም አንዱን የረዳው ሌላውን ላይረዳ ይችላል። ልብ ላይ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ሊጠቀምበት አይገባም፤ በደነዘዘ ቆዳ ላይም አይለጠፍም። ለዚህ ነው ከሱቅ ከመግዛት ይልቅ በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ እጅ፣ ከአካል እንቅስቃሴ ጋር መሞከር ያለበት።

ባለሙያ ደግሞ አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያሠለጥናል። ችግሩ ከመተማ እስከ ጎንደር 200 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፤ እግሩን የሚያመው ሰው በየሳምንቱ በአውቶቡስ ሊመላለስ አይችልም። የምዕራብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ በገንዳ ውኃና በመተማ ዮሐንስ ጥቂት መሣሪያዎችና አንድ አንድ ባለሙያ ቢመድብ፣ የተጠቃሚዎቹንም ሕመም እየመዘገበ ውጤቱን ቢከታተል ወጪው ከባድ አይሆንም። መከላከያ ሚኒስቴርም ያዘመታቸውን ሰዎች ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ሊጠይቃቸው ይገባል። ከመጪው የሰሊጥ አጨዳ በፊት ይጀመር።