መዳብ ለክፍሉ፣ ፋይበር ለግቢው

ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጡ በምትገኘው ሮብ ገበያ አንድ ትምህርት ቤት ኔትወርክ ሊዘረጋ ነው እንበል። አንዱ «መዳብ ጊዜው አልፏል፣ ሁሉንም ፋይበር አድርጉት» ይላል። ሌላው «ካት 6 ሳቡበት፣ በቃ» ይላል። ሁለቱም ገንዘብ ያስጠፋሉ።

መዳብ ጊዜው ያለፈበት በረጅም ርቀት ነው። በስልክ መስመር የሚመጣው ኤዲኤስኤል ከማዕከሉ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ሌባም የሚመኘው መዳቡን ነው፤ የፋይበር መስታወት ገዥ የለውም። (ሌባው ይህን ሳያውቅ ፋይበሩን መቁረጡ ሌላ ጣጣ ነው።)

ክፍል ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ካት 5ኢ በሴኮንድ 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ለ10 ጊጋቢት ካት 6 እስከ 55 ሜትር፣ ካት 6ኤ እስከ 100 ሜትር ይበቃል። ግዙፍ የዳታ ማዕከላት እንኳ ሰርቨሩን እዚያው ራክ ላይ ካለው ስዊች የሚያገናኙት በአብዛኛው ጥቂት ሜትር በሆነ የመዳብ ገመድ ነው፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ ኤሌክትሪክም አይበላም ማለት ይቻላል። በዚያው ገመድ ለዋይፋይ መሣሪያ ኃይል መላክም ይቻላል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስዊቹ ላይ የተቀመጠ አንድ ዩፒኤስ ዋይፋዩን ሁሉ ያቆየዋል።

ችግሩ ገመዱ ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ሲሻገር ነው። የጎጃም ደጋ የክረምት መብረቅ አጠገቡ ቢወድቅ እንኳ መዳቡ ኃይሉን ተሸክሞ ገብቶ ስዊቹንም ኮምፒውተሩንም ያቃጥላል። ፋይበር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ግቢው የእሱ ነው።

ብዙም የማይወራው ደግሞ የገመዱ ዓይነት ነው። ላዩ «ካት 6» ተብሎ ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ገመድ አለ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ በቀላሉ ይሰበራል፣ ኃይል ሲላክበትም ይግላል። ዓለም አቀፉ የኬብል ደረጃም አይቀበለውም። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ በሚያሸንፍበት ጨረታ ግን ይህ ገመድ ያሸንፋል፤ ዝርዝሩ ላይ «ንጹህ መዳብ» የሚሉ ሁለት ቃላት ካልተጻፉ። ዕቃው ሲገባ ጫፉን በምላጭ ፋቅ ማድረግ ነው፤ ነጭ ከወጣ መመለስ።

«ከውጭ የሚገባው ኢንተርኔት ቀርፋፋ ሆኖ ሳለ የውስጡ ፍጥነት ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ሲቋረጥ የውጭው መስመር ምን ያህል እንደሚታመን ታይቷል። መጽሐፍና የትምህርት ቪዲዮ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ግን በውስጥ ገመድ 40 ተማሪዎችን በአንዴ ማስተናገድ ይችላል፤ የውጭው ኖረም አልኖረም።