መጀመሪያ ክብር፣ ከዚያ ቀልድ

ከአምዱ ጸሐፊ፣ ቡለን

«ዴድፑልና ዎልቨሪን» የተሰኘው የአሜሪካ ፊልም ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በዓለም ሲኒማ ቤቶች መታየት ከጀመረ ወዲህ ተመልካቹ ሁለት ጎራ ለይቷል። አንደኛው ወገን፣ እንዲህ የሚያስቅ የጀግና ፊልም አላየሁም ይላል። ሁለተኛው ስድቡን፣ ብልግናውንና ደሙን እየጠቀሰ፣ የሠራውም ያሳየውም ሊያፍር ይገባል ይላል። ሁለቱም ወገኖች እውነት ይዘዋል። እኔ የምጠይቀው ግን ከሁለቱም የሚቀድመውን ነው፦ ፊልሙን ያየው ማን ነው? በስንት ዓመቱ፣ ምን ካወቀ በኋላ አየው?

ጥያቄው ቡለን ለምንኖር ሰዎች የሩቅ አይደለም። እንደ ብዙዎቹ የወረዳ ከተሞች ሁሉ እኛም ዘንድ ፊልም የሚገባው ትኬት ቆራጭ ቆሞ ዕድሜ በሚጠይቅበት በር አይደለም። ከቴሌግራም ይወርዳል፤ በፍላሽ ይገለበጣል፤ ሚሞሪ ላይ ይጫናል፤ ቪዲዮ ቤት ይከፈታል። አንዳንዱም በአማርኛ ተራኪ ድምፅ ታጅቦ ይመጣል። ታሪኩ፣ ሳቁና ደሙ ሳይጓደሉ ይደርሳሉ። መንገድ ላይ የሚቀረው ፊልሙን ያወጡት ሰዎች የተቀበሉት የዕድሜ ገደብ ነው።

ፊልሙን ላላየ አንባቢ ጥቂት ልበል። ዋናው ገጸ ባሕርይ ዌድ ዊልሰን ይባላል፤ የሚጫወተውም ሪያን ሬይኖልድስ ነው። ዌድ ለገንዘብ የሚገድል ቅጥረኛ ነው። ካንሰር ይይዘዋል፤ እናድንሃለን ያሉት ሰዎች በሚያሠቃይ ሙከራ ፊቱንና ገላውን ያበላሹታል። በምትኩ ቁስሉ ሁሉ ወዲያው የሚሽርለት፣ በቀላሉ የማይሞት ሰው ይሆናል። ከዚያ በኋላ ዴድፑል በሚል ስም ሥራው መግደልና መቀለድ ነው። አዝማሪ በጠጅ ቤት ተቀማጩን እየለየ እንደሚሸነቁጠው፣ ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ የፊልሙን ሠሪዎች፣ ሌሎቹን ጀግኖች፣ ተዋናዩን ሬይኖልድስን ሳይቀር ይሸነቁጣል።

ቀልዱ ገበያ አላጣም። የመጀመሪያው ክፍል የካቲት 2008 ዓ.ም. ሲወጣ ወደ 58 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት ከ780 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሦስተኛው ክፍል፣ «ዴድፑልና ዎልቨሪን»፣ ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝቶ፣ በአሜሪካ የአዋቂ ደረጃ ከተሰጣቸው ፊልሞች መካከል «ጆከር»ን ቀድሞ በገቢ አንደኛ ሆነ። በዚያ ደረጃ መሠረት ዕድሜው 17 ያልሞላ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አይገባም። እንግሊዝ አገር ደግሞ 15 ዓመት ያልሞላው ከወላጁ ጋር ቢመጣም አይገባም። ልዩነቱን ሠሪዎቹም አይክዱትም፤ ታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. ከሁለተኛው ክፍል ስድብና ደም ቀንሰው ታዳጊዎች ሊያዩት የሚችሉትን ሌላ ቅጂ አውጥተዋል። እንግዲህ ከአዋቂ ሳቅ ቢሊዮን የሰበሰበው ኩባንያ እንኳ ይህ ሳቅ ለልጅ እንዳልሆነ ያውቃል።

ተመልካቹን የከፈለው ምን እንደሆነ ለማየት የሦስተኛውን ክፍል መክፈቻ መመልከት ይበቃል። ዴድፑል የሌላውን የፊልም ጀግና፣ የዎልቨሪንን መቃብር ይቆፍራል። አጽሙን ያወጣል። ከዚያ ሊይዙት የመጡትን ታጣቂዎች በዚያው አጥንት እየወጋ፣ በዘፈን እየጨፈረ ይፈጃቸዋል።

ይህን ትዕይንት በሳቅ የተቀበለው ተመልካች ክፉ ሰው ስለሆነ አልሳቀም። ዎልቨሪንን ሂው ጃክማን ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ሲጫወተው ያየ ነው። በ2009 ዓ.ም. በወጣው «ሎጋን» ጀግናው ሲሞት በሐዘን ሸኝቶታል። ስለዚህ መቃብሩ ሲቆፈር ቀልዱ በማን ላይ እንደሆነ ይገባዋል፦ ለገንዘብ ሲል ሙታኑን እንኳ ማሳረፍ ያቃተው የፊልም ንግድ፣ የሞተውን ጀግናውን መልሶ ለማየት የጓጓ ተመልካችም። ያ ሰው የሳቀው ከአንድ ጊዜ ሐዘን በኋላ ነው።

ከመጨረሻው ፊልም የጀመረ ተመልካች ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ለእርሱ የሚታየው የተቆፈረ መቃብርና የተዋረደ አጽም ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ቀባሪ አያሳጣህ ብለን የምንመራረቅ፣ ለቀብር ስንል ሥራ ፈትተን የምንውል፣ ዕድራችንን በሙታን ክብር ላይ ያቆምን ሕዝብ ነን። እንዲህ ያለ ተመልካች ፊቱን ቢያዞር ኋላ ቀር ሊባል አይገባም። ጤናማ ሰው የሚሰማውን ነው የተሰማው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በክቡር ነገር ላይ መቀለድ የሚያምረው ያ ነገር ክቡር መሆኑን ቀልደኛውም ሰሚውም ሲያውቁ ነው። ይህን ከሆሊውድ መማር አያስፈልገንም። አለቃ ገብረ ሐና የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ነበሩ፤ በተክሌ አቋቋም ከልጃቸው ከተክሌ ጋር ስማቸው ይነሣል። ካህኑን፣ መኳንንቱን፣ የገዛ ቤታቸውን ሳይቀር በቀልድ ወግተዋል። ሰሚው ሥርዓቱን ስለሚያውቅ ቀልዱ የት ላይ እንዳረፈ ይገባው ነበር። አንዳንዱ ቀልዳቸው ዛሬም ልጅ ባለበት አይወራም። ወግ አዋቂ አባት እንዲህ ያለ ጨዋታ ሊያነሣ ሲል አስቀድሞ ዙሪያውን ያያል፤ ልጅ ካለ ይልከዋል ወይም ወሬውን ይለውጣል። ማንም የደረጃ ማኅተም ሳይመታበት፣ የትኛው ጨዋታ ለማን እንደሚሆን የምንለይበት ልማድ ነበረን፤ አለንም። ስክሪኑ ላይ ስንደርስ ነው የተውነው።

ልጅ ክብርን ገና እየተማረ ነው። የሰው ሕይወት ውድ መሆኑን፣ አስከሬን መከበር እንዳለበት፣ ስድብ እንደሚያቆስል ከእኛ ገና እየሰማ ነው። ይህን ሳይጨርስ ቀልዱ ቢቀድመው ቀልድ ሆኖ አይደርሰውም፤ ትምህርት ሆኖ ይደርሰዋል።

ለቡለን ልጆች ደግሞ ነገሩ ከዚህም ይከብዳል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በወረዳችን በበኩጂ ቀበሌ በደረሰው ጥቃት ከ100 በላይ ሰዎች ተገድለዋል፤ ቤቶች ተቃጥለዋል። በርካታ ተፈናቃይ ወደ ቡለን ከተማ ተሰድዷል። በነዚያ ዓመታት ወረዳችን ባለችበት በመተከል ዞን አማራውም፣ ሺናሻውም፣ ኦሮሞውም፣ አገውም፣ ጉሙዙም ሞቷል። ያኔ አምስት ዓመት የሞላው ልጅ ዛሬ ወደ ጉርምስና ተቃርቧል። ሎስ አንጀለስ ወይም ለንደን ያለ እኩያው የሰው ደም የሚያውቀው ከስክሪን ሊሆን ይችላል። የእኛ ልጅ ግን ከስክሪን በፊት ከቤተሰቡ ለቅሶ፣ ከድንኳን ኑሮ፣ በሹክሹክታ ከሚወራ ታሪክ አውቆታል። በዚህ ልጅ ፊት ሰው እየቆራረጡ መጨፈርን እንደ መዝናኛ ማቅረብ ቁስሉ ሳይሽር መነካካት ነው። ፊልም አይቶ ነፍሰ ገዳይ ይሆናል እያልኩ አይደለም። የምለው፣ ይህ ልጅ ያየውን እውነተኛ ሞት ገና ማንም በወግ ያላስረዳው ከሆነ፣ ስለ ሞት የሚያስረዳው የመጀመሪያው አንደበት የዴድፑል ሊሆን አይገባም።

እንግዲያው ይታገድ? አይታገድ። ቻይና የመጀመሪያውን ክፍል በ2008 ዓ.ም. ሲኒማ ቤቶቿ ውስጥ እንዳይታይ ከለከለች፤ ጥር 2011 ዓ.ም. የሁለተኛውን ክፍል የተቀነሰ ቅጂ አሳየች፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ሦስተኛውን ጥቂት አርማ ከሌላው ዓለም እኩል ከፈተች። በአገራችንም ፊልም በ1890 ዓ.ም. ገደማ ገብቶ፣ የአዲስ አበባ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ሰይጣን ቤት ተብሎ ነበር። ውግዘቱ ፊልምን አላስቀረም። ዛሬ በየኪሱ ስልክ ባለበት ዘመን ቪዲዮ ቤት ማሸግ ፊልሙን ከአደባባይ ወደ ጓዳ ማስገባት ብቻ ነው፤ በጓዳ ደግሞ ተቆጣጣሪ የለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ከልክሎ፣ በዚያው አንቀጽ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችል ይፈቅዳል። ለአዋቂው ነፃነት፣ ለልጁ ጥበቃ ማለት ነው። አንዱን ለማክበር ሌላውን መሻር አያስፈልግም።

ሊሠራ የሚገባውን በግልጽ ላስቀምጥ። የቪዲዮ ቤት ባለቤት የአዋቂ ፊልም የሚያሳይ ከሆነ የዕድሜ ገደቡን በሩ ላይ በጉልህ ይጻፍ፤ እንዲህ ያለውን ፊልም ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት አይክፈት፤ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ መልሶ ይላክ። ሚሞሪ ላይ ፊልም የሚጭን ባለ ሱቅ የአዋቂውንና የልጁን ፎልደር ይለይ፤ ልጅ ሲመጣ የትኛውን እንደሚከፍት ይወቅ። ፊልም በአማርኛ የሚተርክ ሰው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩ ለስንት ዓመት ሰው እንደተሠራ የሚናገር ይሁን፤ ታሪኩን ተርጉሞ ማስጠንቀቂያውን መተው ግማሽ ትርጉም ነው። ለቪዲዮ ቤቶች ፈቃድ የሚሰጠው የወረዳው አካልም ይህን ሥርዓት የፈቃዱ ግዴታ ያድርገው፤ ይከታተለውም።

የመጨረሻው ሥራ የወላጅና የመምህር ነው፤ እርሱም ከልጅ ጋር ማውራት ነው። ልጁ ፊልሙን ደብቆ ያየው ከሆነ ዱላ አይመልሰውም። ምን አሳቀህ፣ ምን አስፈራህ ብሎ መጠየቅ ይሻላል። በየትምህርት ቤቱ ያሉት ሚኒ ሚዲያዎች ይህን መወያያ ማድረግ ይችላሉ፦ ጀግና ማን ነው? በሰው ሞት መሳቅ መቼ ቀልድ፣ መቼ ጭካኔ ይሆናል? የመተከል ልጆች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ ከብዙ የፊልም ተቺ ጽሑፍ የጠለቀ እንደሚሆን አምናለሁ፤ ብዙ አይተዋልና።

አዋቂው ይሳቅ፤ መብቱ ነው። ልጁ ግን የሰው ሕይወት ክቡር መሆኑን አስቀድሞ ከእኛ ይስማ። ይህን አውቆ ያደገ ሰው የዴድፑልን ፊልም ሲያገኝ የት ላይ እንደሚስቅ፣ የት ላይ እንደሚያጠፋው ራሱ ይለያል። ያን ማስተዋል የሚሰጠው የትኛውም መንግሥት የሚያወጣው እገዳ አይደለም፤ እኛ፣ የቡለን አዋቂዎች፣ አሁን የምንሠራው ሥራ ነው።